አብኖርማል ሳይኮሎጂ ስንከልስ፦ ሕመሞቹን የሚለያቸው ምልክቱ ነው ወይስ ቀኑ?

መነሻ ጽሑፍ። ክሩን ማለትም በጽሑፍ የተካሄደውን ውይይት የከፈተው ሰው ለመውጫ ፈተና የሚዘጋጁ የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን አስቦ ነው የጻፈው። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ የምልክት ዝርዝር ሲሸመድድ ይከርማል፣ ፈተና ላይ የሚጥለው ግን ቀኑ ነው ይላል። የሳይኮሲስ ምልክት የሚባሉት የሌለ ድምፅ መስማትና የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት በአራት በአምስት ሕመሞች ላይ ስለሚገኙ ብቻቸውን ምንም አይለዩም። የሚለየው የቆዩበት ጊዜ ነው። ቀጥሎም ሠንጠረዡን ይዘረጋል፦ ከ1 ቀን እስከ 1 ወር ከሆነ አጭር የሳይኮሲስ ሕመም፣ ከ1 እስከ 6 ወር ስኪዞፍሬኒፎርም፣ 6 ወር ከሞላው ስኪዞፍሬንያ። ድባቴ 2 ሳምንት፣ ሥር የሰደደው ድባቴ ለአዋቂ 2 ዓመት ለልጅ 1 ዓመት። ማኒያ (ከልክ ያለፈ መፈንጠዝ ወይም ብስጭት) 1 ሳምንት፣ ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ 4 ቀን። ጠቅላላ ጭንቀት 6 ወር። በመጨረሻም ምርመራ ማለት የቀን መቁጠሪያ ነው ብሎ ይደመድማል። ክሩን ያስረዘመው ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠንጠረዡ ራሱ፣ ዲኤስኤም በሚባለው የአሜሪካ የምርመራ መጽሐፍ መሠረት፣ ትክክል ነው። ሲያከራክር የዋለው ሠንጠረዡ በስንተኛው ደረጃ ላይ ይከፈት የሚለው ነው፣ እኔም ከምላሾቹ ይህን ክር ተከትዬ ነው የምተርከው።

ምላሽ 1 ያመሰግንና ሁለት መስመር ይጨምራል። ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ከ3 ቀን እስከ 1 ወር ያለው አጣዳፊ የጭንቀት ሕመም ሲሆን፣ ከ1 ወር ካለፈ ወደ ፒቲኤስዲ (ከአደጋ በኋላ የሚቆይ የጭንቀት ሕመም) ይሸጋገራል። ከአዲስ ሁኔታ ጋር መላመድ የማቃት ሕመም ደግሞ ችግሩ በደረሰ በ3 ወር ውስጥ መጀመር አለበት፣ ችግሩና መዘዙ ካበቃ በኋላም ከ6 ወር በላይ አይቆይም።

ምላሽ 2 በትሕትና ያርማል። ማኒያ 1 ሳምንት የሚለው ሕግ አንድ በር ተከፍቶለታል፦ ሰውየው ሆስፒታል መተኛት ግድ ከሆነበት ቀኑ መቆጠሩ ይቀራል፣ በሁለተኛው ቀን ቢተኛም ማኒያ ነው። ከ7ቱ ምልክቶች 3 ይበቃሉ፣ ስሜቱ ደስታና መፈንጠዝ ሳይኖርበት ቁጣና ብስጭት ብቻ ከሆነ ግን 4 ያስፈልጋሉ። ሃይፖማኒያ ነው ብለን የያዝነው ሰው ላይ ሳይኮሲስ ከታየ በ4 ቀንም ይሁን በ5 ስሙ ማኒያ ይሆናል። ተማሪ የሚሳሳትበትን አንድ ቦታም አክሏል። እንቅልፍ ማጣት ከእንቅልፍ አለመፈለግ ይለያል። በድባቴና በጭንቀት የተያዘ ሰው መተኛት እየፈለገ እንቅልፍ እምቢ ይለውና ጠዋት ተሰብሮ ይነሣል። ማኒያ ያለበት ግን 3 ሰዓት ተኝቶ ሙሉ ሌሊት እንዳረፈ ሰው ዘሎ ይነሣል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሰዓት ተኛህ ላይ አይቆምም፣ ጠዋት ደከመህ ወይ የሚለው አብሮት መጠየቅ አለበት።

ምላሽ 3 ላይ ድምፁ ይጠነክራል። የመነሻው ጸሐፊ 6 ወርን የዓለም ሕግ አስመስሎ ማቅረቡ ትልቅ ስሕተት ነው ይላል። 6 ወር የዲኤስኤም ነው፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መጽሐፍ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ አይሲዲ-11 ለስኪዞፍሬንያ የሚጠይቀው 1 ወር ብቻ ነው። ስኪዞፍሬኒፎርም የሚባል ስም እዚያ ውስጥ የለም። በድንገት መጥቶ፣ መልኩን ከቀን ቀን እየለዋወጠ ከ3 ወር ሳያልፍ ለሚጠፋው አጣዳፊና ጊዜያዊ የሳይኮሲስ ሕመም የሚል የራሱ ክፍል አለው። ድባቴ ላይም ዲኤስኤም ከ9 ምልክት 5 ሲል አይሲዲ-11 ተስፋ መቁረጥን ጨምሮ ከ10 ምልክት 5 ይላል። አንዱን መጽሐፍ ይዞ የሌላውን ሰው ሕመም መሰየም ተማሪን ማሳሳት ነው ብሎ ይዘጋል። አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ይዘቱ ግን አንድም ቦታ አልተሳሳተም።

ምላሽ 4 ታዲያ ፈተና ላይ የትኛውን እንመልስ ብሎ ይጠይቃል። ምላሽ 5 ጥያቄው ራሱ መጽሐፉን ካልጠራ የተማራችሁበትን መማሪያ ተከተሉ፣ ስኪዞፍሬኒፎርም የሚል ምርጫ ካያችሁም ጥያቄው ከዲኤስኤም ነው ይላል። አጭርና የሚረዳ መልስ ነው።

ምላሽ 6 የክሩ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊዋ ቀኑ አስፈላጊ መሆኑን ትቀበላለች፣ ቦታው ግን መጨረሻ ነው ትላለች። ከቀን መቁጠሪያው በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች አሉ፣ ቅደም ተከተላቸውም የተቀመጠው ቢዘለሉ በሚያደርሱት ጉዳት መጠን ነው።

መጀመሪያ ትኩረቱና ንቃቱ ደህና ነው ወይ? ዴሊሪየም፣ በሰውነት ሕመም የሚመጣው ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር፣ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ ጠዋት ሻል ብሎ ማታ ይብሳል፣ ሰውየው ጥያቄውን ሳይጨርሱለት ሐሳቡ ይበተናል። የሚፈተንበት መንገድ ቀላል ነው፦ ወራትን ከነሐሴ ጀምሮ ወደ ኋላ እስከ መስከረም ይቁጠር፣ ይህ ከከበደ የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ሰኞ ይጥራ። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ መቁጠርን ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው መስጠት ትኩረቱን ሳይሆን ትምህርቱን መፈተን ነው። ዴሊሪየም ከሆነ የሥነ አእምሮው ሠንጠረዥ ይዘጋል። ማጅራት ገትር፣ ወባ፣ የስኳር መውረድ፣ የሳንባ ምች ነው የሚፈለገው፣ በሰዓታት ውስጥ።

ሁለተኛ፣ ምን ወሰደ፣ ወይስ ምን አቆመ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፣ አብዝቶና እንቅልፍ ነሥቶ የሚቅም ሰው ላይ ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል ሳይኮሲስ ያስነሣል። ዲኤስኤም እዚህ ላይ 1 ወርን መለኪያ ያደርጋል፦ ካቆመ 1 ወር ገደማ አልፎት ምልክቱ ካልለቀቀው ሌላ ሕመም ይጠረጠራል። አረቄ ላይ ደግሞ አደጋው በማቆሙ ነው። የመጨረሻውን መለኪያ ስንት ሰዓት ላይ ጠጣ የሚለው መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ፣ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ደግሞ መቃዠትና መንቀጥቀጥ ይመጣል፣ ይህም ይገድላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ግሉኮስ ከመስጠት በፊት ወይም አብሮ ቫይታሚን ቢ1 መሰጠት አለበት።

ሦስተኛ፣ ሌላ የሰውነት ሕመም ወይም መድኃኒት አለ? የታይሮይድ መብዛት ጭንቀትን፣ ማነሱ ድባቴን ይመስላል። ቂጥኝና ኤችአይቪ አንጎልን ይነካሉ። አራተኛ፣ ስሜቱስ? ድምፁ የሚሰማው በድባቴው ወይም በማኒያው ወቅት ብቻ ከሆነ ሕመሙ የስሜት ሕመም ነው። ዋናው የስሜት ምልክት በሌለበት ቢያንስ 2 ሳምንት ድምፅ ወይም የተሳሳተ እምነት ከታየና፣ የስሜቱ ሕመም ከጠቅላላው ጊዜ አብዛኛውን ከሸፈነ ስኪዞአፌክቲቭ ይሆናል። ከእነዚህ አራት በሮች ያለፈው ነው ቀኑ የሚቆጠርለት ትላለች።

ምላሽ 7 በመድኃኒት በኩል ያሟላል። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን ሳይኮሲስ እንደሚያመጣ የታወቀ ነው፣ አይሶኒያዚድም አልፎ አልፎ ያደርገዋል። ኤፋቪሬንዝ ቅዠትና ድባቴ ያስከትላል፣ ስቴሮይድ ደግሞ ማኒያን ይቀሰቅሳል። ታማሚው የሥነ አእምሮ መድኃኒት አልወስድም ማለቱ በቂ አይደለም፣ ቤተሰቡ የመድኃኒቱን ከረጢት እንዳለ ይዞ ይምጣ።

ምላሽ 8 ላይ አንድ ሰው የሌለ ነገር ማየት ካለ ሁልጊዜ የአንጎል ወይም የሰውነት ሕመም ነው ብሎ ይጽፋል። የ6 ጸሐፊ በምላሽ 9 ሁልጊዜ የሚለውን ቃል ብቻ ታነሣለታለች። በስኪዞፍሬንያም ይታያል፣ ድምፅ ሳይኖር ማየት ብቻውን በተለይም ከ40 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ግን የሰውነት ሕመም መፈለግ ግዴታ ነው።

ምላሽ 10 ክሩን ወደ እኛ ቤት ያመጣዋል፣ ለእኔም ከሁሉ የበለጠው ይህ ነው። ቀን ቁጠሩ ማለት ቀላል ነው፣ ከቤተሰብ ቀን ማውጣት ግን ሙያ ነው ይላል። መቼ ጀመረው ሲባል ቆየት ብሏል ወይም ሰነባብቷል የሚል መልስ ይመጣል፣ ከዚያ ላይ 6 ወር አይነበብም። በዓል ላይ መንጠልጠል ያስፈልጋል። ጥምቀት ላይ ታቦት ሸኝቶ ነበር? መስቀል ላይ ደመራው ጋር ሄዷል? ገና ላይ ከዘመድ ጋር ተጫውቷል? ለገበሬ ደግሞ ዘር ሲዘራ፣ አጨዳ ሲደርስ፣ ክረምቱ ሲገባ እያሉ መጠየቅ ነው።

ከዚያ አንድ ምሳሌ አስልቶ ያሳያል። ወጣቱ ጥቅምት 26 ቀን መጥቷል። እናቱ ድምፅ መስማት የጀመረው ፍልሰታ እንደተፈታ ነሐሴ 16 ነው ትላለች። የነሐሴ 14፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 30፣ የጥቅምት 26፣ ድምሩ 75 ቀን ነው። በዲኤስኤም ስኪዞፍሬኒፎርም፣ ያውም በጊዜያዊነት። እህቱ ስትጠየቅ ግን ከጥምቀት ጀምሮ ትምህርቱን ትቶ፣ ከሰው ተለይቶ፣ ገላውን መታጠብ አቁሞ፣ ማዕድ ላይ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጥ እንደነበር ትናገራለች። ዲኤስኤም የቅድመ ምልክቱን ጊዜ 6 ወሩ ውስጥ ያስገባዋል። ከጥር 11 እስከ ጥቅምት 26 ከ9 ወር በላይ ነው፣ ግልጹ ምልክትም 1 ወር አልፎታል፣ ስለዚህ ስሙ ስኪዞፍሬንያ ይሆናል። አይሲዲ-11 ግን ቅድመ ምልክቱን አይቆጥርም፣ የሳይኮሲሱን 1 ወር ብቻ ስለሚፈልግ በ75ቱ ቀን ብቻ እዚያው ይደርሳል። ልዩነቱን ያመጣው እህቲቱ መጠየቋ ነው። እናት ያየችው ድምፁን ነው፣ እህት ያየችው ዝምታውን።

ምላሽ 11 አንድ ወጥመድ ያሳያል። ፋሲካም ረመዳንም ይንቀሳቀሳሉ፣ ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ከረመዳን በፊት ነው ያለን ሰው የዘንድሮው ወይስ የአምናው ብለው ካልጠየቁት አንድ ዓመት ሊጠፋ ይችላል። የማይንቀሳቀሱት እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት ለመቁጠር ይመቻሉ።

ምላሽ 12 በዚያው ጾም ላይ እያለ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከድባቴ 9 ምልክቶች አንዱ ነው። 55 ቀን ዐቢይ ጾም ላይ ያለ ሰው እየከሳ ቢመጣ ይቆጠርለታል? ምላሽ 13 በጥንቃቄ ይመልሳል። ጾም ከምግብ መታቀብ ነው፣ ድባቴ ፍላጎቱን ራሱን ይወስዳል። የጾመ ሰው ይርበዋል፣ ሽሮው በሰዓቱ ይጣፍጠዋል። ክብደት ላይ ዲኤስኤም በ1 ወር ውስጥ ከሰውነት 5 በመቶ ይላል፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው፣ አስቦ የከሳውን ግን አይቆጥርም። ስለዚህ ጾም ላይ ሚዛኑን ትቶ በፋሲካ ማግሥት ዶሮ ወጡ ጣመዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄው ሁለት ምልክት በአንድ ጊዜ ይነካል፣ የምግብ ፍላጎትንና ደስ ይል በነበረ ነገር ደስ አለመሰኘትን። በሐኪም ቤት ወረቀት ላይ የትም የማይገኝ፣ ግን ወዲያው የሚሠራ ጥያቄ ነው።

ምላሽ 14 ሐዘንን ያነሣል። ዲኤስኤም-4 ዘመድ ከሞተ 2 ወር ያልሞላውን ሰው ከድባቴ ምርመራ ያስወጣው ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዲኤስኤም-5 ያንን አጥር አነሣው። እ.ኤ.አ. በ2022ቱ እትም ደግሞ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ሕመም ገባ፣ ለአዋቂ 12 ወር፣ ለልጅ 6 ወር። አይሲዲ-11 ለሁሉም 6 ወር ይላል።

ምላሽ 15 ይቆጣል። ልጇን የቀበረችን እናት በሽተኛ ብሎ መጻፍ ነውር ነው፣ ይህ የፈረንጅ ትምህርት የእኛን ለቅሶ አያውቅም፣ ድንኳኑን፣ ዕድሩን፣ አርባውን አያውቅም ይላል። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ማንም አላቃለለውም።

ምላሽ 16 እህቴ ሆይ ብሎ በአክብሮት ይጀምርና ቁጥሮቹን ያስቀምጣል። 12 ወር ማለት እኛ ሙት ዓመት የምንለው ነው፣ ከዚያ በፊት በዲኤስኤም ማንም ይህን ስም አይሰጣትም። ከሙት ዓመቱ በኋላም ማልቀስ ብቻውን አይበቃም፦ የናፍቆቱ ወይም የሟቹ ሐሳብ ባለፈው 1 ወር በየቀኑ ማለት ይቻላል መኖር አለበት፣ ከ8 ምልክቶችም ቢያንስ 3፣ ለምሳሌ ሞቱን አለማመን፣ የራስ ግማሽ የተቆረጠ መምሰል፣ ወደ ሰውና ወደ ሥራ መመለስ አለመቻል። ደግሞም ሐዘኑ ከባህሉና ከሃይማኖቱ ልማድ በግልጽ ያለፈ መሆን አለበት ተብሎ ተጽፏል። ዕድሩና አርባው የሚገቡት እዚህ ላይ ነው፣ ልማዱን የሚያውቅ ሰው ነው ያለፈውን የሚለየው። የሟቹን ድምፅ መስማት ወይም በር ላይ ቆሞ ማየትም በሐዘን ውስጥ የተለመደ ነው፣ ሳይኮሲስ ተብሎ አይጻፍም። የ15 ጸሐፊ በምላሽ 17 ምስጋና ብቻ ጽፋለች።

ምላሽ 18 እና 19 ወደ ቃላት ይወጣሉ። ድብርት በሰፈር አነጋገር ሰኞ ጠዋት የሚሰማውም ነው፣ ስለዚህ ለሕመሙ ድባቴ የሚለው ይሻላል ይላል አንዱ። ሌላው ጭንቀት የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ማለትም ለኑሮ ውጥረትና ለጭንቀት ሕመም መዋሉ በመጠይቅ ላይ ችግር እንደሚፈጥር ያስረዳል። ሰው ጭንቅ አለኝ ሲል የቤት ኪራይ ይሁን ምክንያት አልባ የልብ ምት ወዲያው መጠየቅ አለበት። ገጠር ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ስለ ስሜቱ ሳይሆን ስለ አካሉ ይናገራል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ያፍነኛል ይላል። 20 ጥያቄ ያለው የአእምሮ ጤና መጠይቅ ኤስአርኪው ራስ ምታትን፣ የእጅ መንቀጥቀጥን፣ የሆድ መረበሽን የሚጠይቀው ለዚህ ነው፣ ያለፉትን 30 ቀናት ይሸፍናል። የድባቴ መጠይቁ ፒኤችኪው-9 ደግሞ 2 ሳምንትን ይሸፍናል፣ ነጥቡም ከ0 እስከ 27 ነው። ብዙ ጊዜ 10 እንደ መቁረጫ ይወሰዳል፣ ግን እንደ ቦታው ይለያያል፣ ማጣሪያ እንጂ ምርመራም አይደለም።

ምላሽ 20 ሁሉንም ሊያፈርስ ይነሣል። ዲኤስኤም-5 ከመውጣቱ በፊት በተደረገው የመስክ ሙከራ ሁለት ሐኪሞች አንድን ታማሚ ለየብቻ አይተው የተስማሙበት መጠን፣ ካፓ የሚባለው፣ ለድባቴ 0.28፣ ለጠቅላላ ጭንቀት 0.20 ነበር። 1 ሙሉ ስምምነት፣ 0 ደግሞ በአጋጣሚ ከሚገኘው ያላለፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ ቀን መቁጠር ጊዜ ማባከን ነው ይላል።

ምላሽ 21 መልሱን ከዚያው ሙከራ ያወጣል። ፒቲኤስዲ 0.67፣ ባይፖላር አንድ (ማኒያ ያለበት የስሜት ሕመም) 0.56፣ ስኪዞፍሬንያ 0.46 ነበሩ፣ ለምን ትተዋቸዋል ብሎ ይጠይቃል። ዝቅተኛ ካፓ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፣ ድንበሩ ደብዛዛ ነው ማለት ነው። ድባቴ ከጭንቀትና ከሱስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ነው ድንበሩ የሚደበዝዘው። ከዚያ ቡታጅራን ያነሣል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል። ከመጠይቁ ጎን ለጎን ሰፈሩን የሚያውቁ ሰዎች ማን ታመመ ተብለው ተጠይቀው ነበር። መጠይቁ የስሜት ሕመሞችን በማግኘት ሲበልጥ፣ ስኪዞፍሬንያን በማግኘት ደግሞ የሰፈር ሰው በልጧል። መታመሙን የማያምን ወይም ጠያቂን የሚጠረጥር ታማሚ ድምፅ ትሰማለህ ሲባል አልሰማም ይላል፣ ጎረቤት ግን በሌሊት ብቻውን ሲጣላ ሰምቷል። ይህ ከምላሽ 10 እህት ጋር አንድ ነገር መሆኑን ራሱ ይጠቁማል።

ምላሽ 22 ዛር ሁሉ የመለያየት ሕመም፣ ማለትም ሰው ከራሱ ማንነት የሚነጠልበት ሕመም፣ ነው ብሎ ይጽፋል፣ ምላሽ 23 አጥብቆ ይቃወመዋል። አይሲዲ-11 ላይ በሌላ ማንነት መያዝ ሕመም የሚባለው ሳይፈለግ ሲመጣ፣ ሥራንና ኑሮን ሲያበላሽ፣ ማኅበረሰቡ ከሚቀበለው ሥርዓት ውጭ ሲሆን ነው። ይዘቱ እንግዳ መስሎ መታየቱ መስፈርት አይደለም። ዲኤስኤም-5 ውስጥ ያለው ባለ 16 ጥያቄ የባህል ቃለ መጠይቅም ታማሚው ችግሩን ራሱ እንዴት እንደሚገልጸው በመጠየቅ ነው የሚጀምረው።

ከዚህ ላይ ወሬው ወደ ጠበል ዞረ፣ ከርዕስ ውጭ ቢሆንም መቆየት የነበረበት ነው። ምላሽ 24 ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ጠበል ገብቶ ሲጾም የሚደርሰውን ይተነትናል። ኩላሊት ሊቲየምን የሚያስወጣው እንደ ጨው ነው። ውኃና ጨው ሲያንስ ኩላሊቱ ጨው መስሎት ሊቲየሙን ይመልሰዋል፣ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። የተለመደው መጠን በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፣ ከ1.5 በላይ መመረዝ ይጀምራል። ደሙ የሚቀዳው ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ መሆን አለበት፣ ካለዚያ ቁጥሩ ያሳስታል። የሚታየው ምልክት ሻይ የሚያፈስስ ሻካራ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ ነው። ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንዲሁ መጠኑን ይጨምሩታል። ጠበሉን ከልክሉ አይልም፣ ውኃ ይጠጣ፣ ሐኪሙ ስለ ጾሙ አስቀድሞ ይወቅ፣ ምልክቱ ከታየ ሊቲየሙ ወዲያው ይቁምና ሰውየው ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ ነው የሚለው።

ምላሽ 25 አንድ ነገር ለይታ ታወጣለች። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ቀን የለውም። 2 ሳምንት እስኪሞላ አይጠበቅም፣ ፒኤችኪው-9 ላይ ዘጠነኛው ጥያቄ ከ0 በላይ ከሆነ ድምሩ 4 ቢሆንም እዚያው ይጠየቃል፦ ሐሳቡ አለ? እቅድ አለ? የሚጎዳበት ነገር እጁ ላይ አለ? መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ ብዙ ጊዜ ያቀልላል። ለገበሬ ቤተሰብ ደግሞ የሰብል መድኃኒቱ ዛሬውኑ ከቤት ወጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ይቆለፍ።

ምላሽ 26 ላይ የመነሻው ጸሐፊ ይመለሳል። የ3ን ሻካራ እርማት ተቀብሎ ለአይሲዲ-11 አንድ ዓምድ ጨምሯል፣ የ6ን አራት ጥያቄዎችም ከሠንጠረዡ በላይ አስቀምጧል። የመደምደሚያውን ዓረፍተ ነገር አጥፍቶታል። ከዚያ የባሕርይ መዛባት ላይ ስንት ወር ልጻፍ ብሎ ይጠይቃል።

ምላሽ 27 ይመልሳል። ዲኤስኤም ላይ ለ10ሩም ዓይነት የወር ቁጥር የለም፣ ከጉርምስና ወይም ከወጣትነት መጀመሪያ ጀምሮ በየቦታው የሚታይ የማይለወጥ ጠባይ መሆን አለበት። ከ18 ዓመት በታች ቢያንስ 1 ዓመት፣ ፀረ ማኅበራዊው ግን ከ18 በፊት ጨርሶ አይሰጥም፣ ከ15 ዓመት በፊትም የጠባይ ችግር ታይቶ መሆን አለበት። አይሲዲ-11 ደግሞ ዓይነቶቹን ትቶ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ብሎ ይመድባል፣ ለምሳሌ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ መሆኑን ይጠቅሳል።

የታረመው ሠንጠረዥ ትናንት ማታ ተሰቅሏል። በአይሲዲ-11 ዓምድ 2 ዓመት ተጽፏል። በዲኤስኤም ዓምድ ላይ ቁጥር የለም፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን ሰው ጠይቅ ይላል።